አስና ንጉሥ አይጣልም

ስለ ካርታ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አስና ንጉሥ፣ ከካርታ ሁሉ ትልልቆቹ፣ ደርሰውህ፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ካርታ ተገልጦ አንዱም ካልገጠመልህ፣ በእጅህ የያዝከው ባዶ ነው። የሚያምር ባዶ ነው፣ ሲያዩት ልብ የሚሞላ ባዶ ነው፣ ግን ባዶ ነው። ሁለት አራት፣ ትንሽዬ ጥንድ፣ የያዘ ሰው ይበልጥሃል። ስለዚህ ሌላው ሰው አምርሮ ከመጣ ትጥላለህ። ይህን ለማወቅ የከፈልኩት የለም፤ የከፈለችው አይቻት የማላውቅ ልጅ ናት።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ አንዲት ያገራችን ሴት ካፌ ነበራት። እትዬ እንላታለን። እታች ለሠራተኛ እንቁላልና ሻይ ትሸጣለች፤ እላይ የሽንኩርት ጆንያ የሚቀመጥበት፣ የሚንገጫገጭ ፍሪጅ የቆመበት አንድ ክፍል አለ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ያን ክፍል እንወስደዋለን። ነጠላችንን አጣጥፈን የወንበር መደገፊያ ላይ አድርገን ቁማር ስንቀመጥ አናፍርም ነበር፤ የምናስይዘው ሽምብራ ነዋ። የሽምብራ ቆሎ። መጨረሻ ላይ ሽምብራው ያለቀበት የሁላችንንም ምሳ ይከፍላል፣ በቃ።

አራት ነበርን። እኔ መሃል ከተማ ምድር ቤት ውስጥ ባለ መኪና ማቆሚያ ትኬት እቆርጣለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ሚኒካብ ይነዳል፤ ጨዋታውን ያመጣልን እሱ ነው፣ ከታክሲ ቢሮው ቆጵሮሶች ተምሮ። ሌላው ቤንዚን ማደያ ካሸር ነው። አራተኛው ቲቸር ናቸው። ሦስታችንንም አዲስ አበባ ሂሳብ ያስተማሩን፣ እኔን በተለይ በጆሮዬ ይዘው ያስተማሩኝ ሰው። ለንደን ውስጥ ዌምብሊ አንድ ትልቅ ሱቅ ደጅ የገበያ ጋሪ ይሰበስቡ ነበር። ከረባት አስረው ነው የሚሰበስቡት። አለቃቸው፣ ልጃቸው የሚሆን ልጅ፣ ከረባቱ አያስፈልግም ቢላቸው ለእርስዎ አያስፈልግም ይሆናል አሉት ይባላል። እኔ አምናለሁ፤ ቲቸር ለማንም አንተ ብለው አይጀምሩም ነበር።

ጨዋታው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ከዚያ የጋራ የሆኑ ሦስት ካርታዎች መሃል ላይ ይገለጣሉ፤ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። በየመሃሉ ወይ ታስይዛለህ፣ ወይ የያዘውን ትከተላለህ፣ ወይ ካርታህን ጥለህ ትወጣለህ። ጥበቡ ያለው መጣሉ ላይ ነው። ይህን የሚለው ሾፌሩ ነው፣ የሚያስይዘውን ሽምብራ እየቆረጠመ፤ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በካርታ ሳይሆን በጥርሱ ነው።

የመጀመሪያው እሑድ ካሸሩ ቲቸርን አሸነፋቸው። ኮታቸውን ቆለፉ፣ የአራታችንንም ምሳ ከፈሉ፣ ደህና ዋሉ ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። ያለ እሳቸው ሦስታችን ተቀምጠን አንድም ቀልድ አልመጣልንም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲቸር ካስያዙ የሚከተላቸው ሰው ጠፋ። ማንም ለማንም አልነገረም፤ ተመካክረን ቢሆን ኖሮ አንዳችን ያፍር ነበር። ይሉኝታ ስብሰባ አያስፈልገውም።

ደግሞ ቲቸር አንድ አመል ነበራቸው። ትልልቅ ካርታ ይዘው ምንም ሳይገጥምላቸው ሲቀር መነጽራቸውን ያወልቁና በከረባታቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ጥንድ ሲኖራቸው አይነኩትም። እኔ ከተመለሱ በሦስተኛው እሑድ ነው የደረስኩበት። ሌሎቹም ሳይደርሱበት አልቀረም፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፣ አልተነጋገርንም።

አንድ ቀን ሁለት ስምንት ደረሰኝ። መሃል ላይ አራት፣ ስድስትና አሥር ተገለጠ። ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉ። አንድ ትልቅ እፍኝ ሽምብራ ገፉ። ሾፌሩ ጣለ፣ ካሸሩ ጣለ። እኔ ስምንቶቼን አየሁ። እንደማሸንፍ አውቃለሁ። ደፍቼ ጣልኳቸውና ቶሎ ብዬ ከወደቀው ካርታ ጋር ቀላቀልኳቸው፣ እንዳይታዩብኝ።

ቲቸር የያዙትን ገለጡ። ማንም ሳይከተል ማሳየት ግዴታ አይደለም፤ እሳቸው ግን ማስተማር ይወዳሉ። አስና ንጉሥ።

«አየህ?» አሉኝ። «አስና ንጉሥ አይጣልም። ትንሹ ራሱ ይሸሻል።»

«እውነትዎን ነው ቲቸር» አልኩ።

አሁን ሳስበው አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። እሳቸው ሂሳቡን ያውቁታል። ዕድል የሚባለውን ትምህርት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ጣሳ ውስጥ ቀይና ነጭ ቆርኪ ከተው እያስወጡን። ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ይዘህ ከሦስቱ ካርታዎች አንዱ የሚገጥምልህ ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ እንደሆነ ያን የመጀመሪያ እሑድ ወረቀት ላይ ሠርተው ያሳዩን ራሳቸው ናቸው። ግን ሰው ወረቀት ከሚለው ይልቅ ያየውን ያምናል። እኛ ጠረጴዛ ላይ አስና ንጉሥ ሁልጊዜ ያሸንፋል። አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሌላ ሂሳብ አስተማርናቸው፤ ጎበዝ ተማሪ ደግሞ ነበሩ።

እትዬ ሻይ ይዛ ስትወጣ ከጀርባዬ ቆማ ካርታዬን ታያለች። አንድ ቀን ቲቸር ከሄዱ በኋላ ብርጭቆ እየሰበሰበች ተናገረች።

«እናንተ ልጆች፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ምን አደረግን እትዬ?»

«ላም አለኝ በሰማይ የያዘ ሽማግሌ እያጨበጨባችሁ ትሸኛላችሁ። ልጅ ናቸው እንዴ? ይሸነፉ። በሽምብራ መሸነፍ ማንንም አይገድልም።»

ሾፌሩ ሳቀ። እኔ እንዲያውም ተቆጣሁ። ይቺ ሴት፣ ቲቸር እነማን ፊት ቆመው ያስተምሩ እንደነበር አታውቅም አልኩ በሆዴ። እሷ ካፌ እየሠራች ሦስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ እኔ የምድር ቤት ትኬት ቆራጭ ሆኜ ልንቃት ሞከርኩ።

ቲቸር ሚስታቸው በስደቱ መንገድ ላይ ሞታለች። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ናይሮቢ አክስቷ ዘንድ የቀረች። ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ አስተማሪ ናቸው፤ ስለ እሷ ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ይቀንሳል። በዚያ ዓመት አሥራ ሰባት ሆኗት ነበር። አሥራ ስምንት ከሞላት በአባቷ ስም መምጣት አትችልም፤ ጠበቃው አስረግጦ ነግሯቸዋል። ሁለት ዓመት ወረቀት ሲያስገቡ ኖረው፣ አንድ እሑድ ደብዳቤውን ነጠላቸው ውስጥ ይዘው መጡ። ቪዛው ተፈቅዷል። ሦስት ወር ውስጥ መግባት አለባት። እትዬ እልል አለች፤ እኔ እጃቸውን ሳምኩ። ያን ቀን ካርታ አልተጫወትንም።

የአውሮፕላን ቲኬቱን እኛ እናዋጣ አልናቸው።

«የልጄን ቲኬት የምገዛው እኔ ነኝ» አሉ። «ተቀምጧል። ገንዘቡ አለኝ።»

ነበራቸውም። ጋሪ ሰብስበው ያስቀመጡት። የጎደለው ቤት ነው። ክላፋም ውስጥ ከሌሎች ወንዶች ጋር ኩሽና እየተጋሩ አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ የት ታድራለች? ባለ ሁለት ክፍል አይተዋል፣ ባለቤቱ ዲፖዚት፣ አስቀድሞ የሚያዝ ገንዘብ፣ ይላል። የመንግሥት ቤት የሚያድለው ካውንስልም አፕላይ አድርገው ነበር፤ ልጅቷ ሳትመጣ አይሰጥም፣ ከመጣች በኋላ ይጠብቁ አሏቸው። ለእኛ ቢነግሩን ኖሮ እሳቸው ከእኔ ጋር፣ ልጅቷ እትዬ ቤት ከእትዬ ልጆች ጋር፣ አንድ ሺህ መፍትሔ ነበር። አልነገሩንም። ለሾፌሩ የነገሩት ሌላ ነው።

«ያ የምትለው ክለብ፣ እውነተኛው የገንዘብ ጨዋታ ያለበት፣ አባል ነህ አይደል? እኔንም አስመዝግበኝ» አሉት።

ሾፌሩ ለእኔ ደወለ። «ምን ልበላቸው?» አለኝ። ምን ልበላቸው ማለት፣ አንተ እምቢ በልልኝ ማለት ነበር። እኔ ደግሞ «ቲቸር ያሉትማ» አልኩ። በዚያን ጊዜ ደንብ ፎርም ሞልተህ ጥቂት ቀን ትጠብቃለህ፣ እንግሊዞቹ ሰው እንዲያስብበት ብለው ያወጡት ነው። ቀኖቹ አለፉ። ማንም አላሰበም።

እሑድ ከቀትር በኋላ በሾፌሩ መኪና ሄድን። ካሸሩ ሥራ ላይ ነበር። እኔና ሾፌሩ አልተቀመጥንም፤ ጠረጴዛው ከሚከለልበት ገመድ ውጭ ቆመን አየን። ቲቸር አዲሱን ከረባታቸውን አድርገዋል። ሲቀመጡ ለተቀመጡት ሁሉ በጭንቅላታቸው ሰላምታ ሰጡ። ቀና ያለ የለም። ፊት ለፊታቸው ማስቲካ የሚያኝክ፣ የእግር ኳስ ማሊያ የለበሰ ወጣት ተቀምጧል።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ። ትንሽ አገኙ፣ ትንሽ አጡ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ካርታቸውን ጠርዙን ቀና አድርገው አዩና ጀርባቸው ቀጥ አለ። ሳላየው አውቄዋለሁ። መሃል ላይ ሁለት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ ተገለጠ። ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ።

እግሬ ወደ ገመዱ ሄደ። ሾፌሩ ክንዴን ያዘኝ። ምን ልል ነበር? ቲቸር ይጣሉት፣ በሰው ፊት?

ጠረጉ። አስያዙ። ወጣቱ ማስቲካውን እያኘከ ተከተለ። አራተኛው ካርታ ሦስት ነው። ጨመሩ፤ ተከተለ። አምስተኛው ጃክ ነው። ቲቸር ፊታቸው ያለውን በሙሉ በሁለት እጃቸው ገፉት፣ እኛ ጋ ሽምብራውን እንደሚገፉት። ያኔ ሁልጊዜ ከኛ አንዱ ይጥላል። ወጣቱ ትከሻውን ነቀነቀና ቁጥሩን አስተካክሎ ገፋ። ሁለት ስምንት ነበረው።

ቲቸር ካርታውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ይህ ልጅ እንዴት አልጣለም?» አሉ።

ከኮታቸው ኪስ ፖስታ አወጡ። ከፖስታው የወጣውም በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ፤ አንዴ አስና ንግሥት፣ አንዴ ደግሞ ያው አስና ንጉሥ። ሲነሱ ለተቀመጡት እንደገና ሰላምታ ሰጡ።

መኪናው ውስጥ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ወንዙን ተሻገርን። አንዴ ብቻ ጠየቅሁ።

«ቲቸር፣ የቲኬቱ ገንዘብ…»

«እሱ ሌላ ነው» አሉ። «ለብቻው አስቀምጫለሁ። ይህ የዲፖዚቱ ነው፤ የቤቱ ነገር ይደርሳል።»

ይህን ሲሉ መነጽራቸውን አወለቁ። በአዲሱ ከረባት ጫፍ፣ አንዱን ዓይን ከዚያ ሌላውን፣ ቀስ ብለው ጠረጉት። የመንገዱ መብራት መነጽሩ ላይ ሲያልፍ አየሁ። ሾፌሩም አየ፤ በመኪናው መስተዋት ከእኔ ጋር ተያየን።

«ጥሩ ነው ቲቸር» አልኩ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ልጅቷስ እንላቸዋለን። ቦታ የለም፣ አየር መንገዱ ሞልቷል፣ ትምህርቷን ትጨርስ ብላለች አክስቷ ይሉናል። መነጽራቸው ንጹሕ ነበር፤ እንደዚያ የጠሩ መነጽሮች አይቼ አላውቅም። እኛም እግዜር ያውቃል እንላለን፣ ካርታው ይበወዛል፣ ይታደላል፣ እሳቸው ሲያስይዙ እንጥላለን። አዎ፣ ከዚያም በኋላ እንጥል ነበር። ካሸሩ አንድ ጊዜ ደረጃው ላይ «ገንዘቡን የበሉት አይመስልህም?» አለኝ። «ያሉትን ትጠራጠራለህ?» ብዬ አሳፈርኩት። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።

አንድ እሑድ ቲቸር ቀሩ። ጉንፋን ነው ብለን ሦስታችን ተቀምጠን ሳለን እታች ስልክ ጮኸ። እትዬ ደረጃውን ስትወጣ እግሯ ከባድ ነበር። ትሪ አልያዘችም።

«ከናይሮቢ አክስቷ ናት የደወለችው» አለች። «ቪዛው ትናንት አለቀ። ቲኬት ሲጠብቁ ነው የከረሙት። ልጅቷ ሻንጣዋን ዘግታ ነው የከረመችው።»

እትዬ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን።

«ሦስት ወንድ ሆናችሁ» አለች፣ «አንድ ሰው መጠየቅ አቃታችሁ?»

ያን ቀን ሳይመሽ አዋጣን። እኔ፣ ሾፌሩ፣ ካሸሩ፣ እትዬ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጥቂት ሰው። ለሁለት ቲኬት የሚሆን ገንዘብ ተገኘ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ። ቁጥሩን ስሰማ ደስ አላለኝም፤ ሦስት ወር ሙሉ ኪሳችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ክላፋም ድረስ ወሰድንላቸው። ቲቸር አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፖስታውን ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ ቀና ብለው አላዩንም። እንደገና ለቪዛው አፕላይ አደረጉ። መልሱ እስኪመጣ ልጅቷ አሥራ ስምንት ሞላት። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ትልቅ ሰው ሆናለች ይላል።

በክረምቱ፣ የለንደን ክረምት ማለቴ ነው፣ ቲቸር አንድ እሑድ ሳይጠሩ መጡ። ከስተዋል። ከረባቱ ግን አለ። ነጠላቸውን ወንበሩ ላይ አድርገው «አድሉ እንጂ» አሉ። ሾፌሩ ሽምብራውን አከፋፈለ፤ ያን ቀን አንዲት ፍሬ አልበላም።

ሁለት አምስት ደረሰኝ። መሃል ላይ ስምንት፣ ሦስትና ንግሥት ተገለጠ። ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ገፉ። ሁለቱ ጣሉ። እኔ አምስቶቼን አየሁ። ንዴት ይሁን ሐዘን አላውቅም፤ እጄ ሽምብራውን ገፋ። ተከተልኩ። እስከ መጨረሻው ካርታ ተከተልኩ። ከዚያ አምስቶቹን ገለጥኩ።

አስና ንጉሥ ነበራቸው።

«በሁለት አምስት» አሉ ቀስ ብለው። «ንግሥት መሃል ላይ ተቀምጣ። እንዴት አወቅህ?»

«ባዶ ሲሆኑ…» አልኩ፤ ካልኩ በኋላ መመለሻ አጣሁ። «ባዶ ሲሆኑ መነጽርዎን ይጠርጋሉ፣ ቲቸር።»

መነጽራቸውን ነኩት። እጃቸው እዚያው ቆመ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት አንድ ረጅም ጥያቄ ሲፈቱ እንደሚያደርጉት ዓይናቸው ራቅ ብሎ ሄደ፤ ወደ ኋላ፣ እሑድ በእሑድ እየቆጠሩ እንደነበር አውቃለሁ። የጣልንላቸውን ሁሉ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። ለዚያ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር።

«ያን ቀን» አሉ፣ «መኪናው ውስጥ። ስለ ቲኬቱ ስትጠይቀኝ። ጠርጌ ነበር?»

ሾፌሩ ጠረጴዛውን አየ። ካሸሩ እኔን አየኝ።

«አላስታውስም ቲቸር» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከጓደኛው የገለበጠ ተማሪ ደብተር ሲመልሱ እንደሚነቀንቁት። ነጠላቸውን አነሱ፣ ኮታቸውን ቆለፉ። ወደ ደረጃው ሲሄዱ ሦስታችንም ከመቀመጫችን ብድግ አልን፣ በክፍል ውስጥ እንደለመድነው፤ የእግራቸው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ በአክብሮት ቆምን።